ልጅ ወረቀት ላይ ነው እንዴ የሚተኛው?

ግቢ የኔ ልጅ፣ ግቢ። ደፉ ከፍ ይላል፣ እግርሽን አንሺ። ወንበሩ ላይ ያለውን ጨርቅ ወዲያ በይውና አረፍ በይ። ውሃ ልቅዳልሽ? ውጪው እሳት ነው መቼም። እዚህ ደግሞ ካውያው ተጨምሮበት ምድጃ ውስጥ እንደመቀመጥ ነው። ስንት ወርሽ ሆነ? ሰባት ገባ? ታዲያ ይሄን ቀሚስ እንዳሰፋልሽ ነው ያመጣሽው ወይስ እንድሰናበትልሽ? ሳቂ፣ ሳቂ፣ ሳቅ ለልጁም ጥሩ ነው።

ነይ እስቲ ቁሚልኝ። እጅሽን ከፍ… እንደዚያ። ሜትሬም ሊያጥርብሽ ነው! አይዞሽ፣ ጎንና ጎኑ ላይ ትርፍ ጨርቅ ትቼበታለሁ። ስሰፋው ጀምሮ ነው ያሰብኩልሽ። ዕቃ የሚሠራ ሰው ነገ ውስጡ የሚገባውን ሰው ማሰብ አለበት… የኔ ነገር፣ እንዲህ እያልኩ ነው ሀብታም ሳልሆን የቀረሁት።

ይሄ የሚንኳኳው? አትደንግጪ፣ ጎረቤቴ ናት። በመሃላችን ያለው ኮምፔንሳቶ ነው፣ መርፌ ብትወድቅ ይሰማል። እሷ ስታስነጥስ እዚህ ሆኜ ይማርሽ እላለሁ። እሷም ድሮ ትለኝ ነበር። ሠራተኛ ሴት ናት፤ ከጠዋት ጀምሮ መዶሻዋ አያርፍም። ሰው የተጠቀመበትን የልጅ ዕቃ እየጠገነች ነው የምትሸጠው። አልጋ፣ ጋሪ፣ የመመገቢያ ወንበር… ምን የሌላት አለ?

አሃ! ከዚህ ወጥተሽ እዚያ ልትገቢ ነው? አልጋ ልታዪ? እሰይ፣ እሰይ የኔ ልጅ። እኔ ምን እላለሁ? ጎረቤቱ ገበያ ሲደራለት ደስ የማይለው ምን ዓይነት ሰው ነው? … ዝም ብለሽ ቁሚ ብቻ፣ ስፒሉ እንዳይወጋሽ።

አልጋ ስትዪኝ ግን አንዲት የማውቃት ሴት ትዝ አለችኝ። ጎረቤቴን ማለቴ አይደለም። ኧረ በፍጹም! ይቺኛዋ ሩቅ ናት። በጣም ሩቅ። እሷም የልጅ ዕቃ ነው የምትሸጠው፣ መቼም ሥራው የብዙ ሰው ነው። … አየሽ፣ መዶሻው ቆመ። ደክሟት ይሆናል ጎረቤቴ። ትረፍ፣ እሷም ሰው ናት።

እና ያቺ የሩቋ ሴትዮ… እጇን ብታዪው! አንድ የተሰባበረ አልጋ ከቆሻሻ ገንዳ ጎን አንስታ ትወስዳለች፤ በሦስተኛው ቀን ብታዪው ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ነው የሚመስልሽ። ብርጭቆ ወረቀት አላት፣ ነጭ ቀለም አላት፣ ጥንቸል የተሳለባቸው ተለጣፊዎች አሏት። እንጨቱ የተሰነጠቀበት ቦታ ላይ ጥንቸል ትለጥፋለች። ሁለት ስንጥቅ ካለ፣ ሁለት ጥንቸል። አንዳንዱ አልጋማ ጥንቸል ማርቢያ ነው የሚመስለው። ልጅ መቼም ጥንቸል ይወዳል… አይደል?

ትዕግሥቷስ! ፋብሪካው አልጋው ሥር የሚለጥፈው ወረቀት አለ አይደል? መቼ እንደተሠራ፣ ቁጥሩ፣ ስንት ኪሎ እንደሚችል የተጻፈበት? ያንን በሞቀ ውሃ እያራሰች፣ በጥፍሯ ቀስ እያደረገች ልጣ ታነሳዋለች። ግማሽ ቀን ይፈጅባታል። ለምን ትለፊያለሽ ብትያት፣ ‹ውበቱን ያበላሸዋል› ትልሻለች። ውበት አዋቂ ናት። ሕጉ ወረቀቱ ከዕቃው ጋር ይኑር ይላል፤ ግን ሕግ ስለ ውበት ምን ያውቃል?

እንዴት አወቅኋት? ታናሽ እህቴ የዛሬ ዓመት ወለደች። አሥራ አንድ ዓመት ጠብቃ! ትምህርት ቤት ውስጥ ጸሐፊ ናት፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ስትመዘግብ ኖራ የራሷን ያቀፈችው አምና ነው። ስትወልድ ከሷ ይልቅ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። እና አልጋ ሲያስፈልግ፣ ‹አዲስ ምን ያደርግልሻል፣ እኔ የማውቃት ባለሙያ አለች› ያልኳት ማን መሰለሽ? እኔ! እጇን ይዤ የወሰድኳት እኔው ነኝ። አየሽ፣ ሰውን ማሞገስ ድሮም ይቀናኛል።

ሴትዮዋ እንዴት አድርጋ ተቀበለችን! የአፏ ነገር እኮ… ብትሰሚያት ያልወለድሽውም ልጅ አልጋ ትገዢለታለሽ። አንድ ነጭ አልጋ አወጣችልን፣ አንደኛው ጎኑ ወደ ታች የሚወርድ፣ ወደ ላይ የሚወጣ። ‹ይሄ ለወገብሽ ነው› አለቻት እህቴን፣ ‹ጎንበስ ሳትዪ ልጅሽን ታነሻለሽ።› ለወገባችን ሳይቀር ታስባለች። እህቴ ጸሐፊ አይደለች፣ ወረቀት ትወዳለች፤ ጎንበስ ብላ አየችና ‹የፋብሪካው ወረቀት የት አለ?› አለቻት። ሴትዮዋ ሳቀች። ‹እንዴ፣ ልጅ ወረቀት ላይ ነው እንዴ የሚተኛው? ፍራሽ ላይ እኮ ነው!› እኔም ሳቅሁ። እህቴም ሳቀች። ሦስታችንም በጣም ነው የሳቅነው።

አሁን ዙሪልኝ፣ ጀርባሽን ልለካ። … ደህና ነሽ? ትንሽ ቁጭ ማለት ትፈልጊያለሽ? እሺ።

ልጁ ሰባት ወር ሲሞላው ነው። ረፋድ ላይ እህቴ አስተኝታው ጓሮ ልብስ ታጥባለች። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ‹ዛሬስ ጥሩ እንቅልፍ ወሰደው› ብላ ደስ ብሏት ነበር፣ አስቢው። ልክ በዚያ ሰዓት በር ተንኳኳ። የመብራት ቆጣሪ የሚያነብ ሰውዬ ነው። ቆጣሪው የተሰቀለው ልጁ በተኛበት ክፍል ግድግዳ ላይ ነው። ‹ልጅ ተኝቷል፣ ቀስ ብለህ ግባ› ብላ በጣቷ እያሳየችው ገቡ።

የአልጋው ጎን ከታች በኩል ወልቋል። ልጁ በፍራሹና በወለቀው ጎን መሃል ሾልኮ ወርዶ፣ አንገቱ ላይ ተይዟል። እግሩ ተንጠልጥሏል። ድምፅ የለም። ጸጥታው እንቅልፍ አልነበረም፣ የኔ ልጅ።

እህቴ የጮኸች መስሏታል፣ ግን አልጮኸችም። ሰውዬው ነው ደብተሩን ጥሎ፣ የእንጨት ርብራቡን በእግሩ ረግጦ በእጁ ገንጥሎ ያወጣው። ልጁ ሰማያዊ ሆኗል። ገልብጦ ጀርባውን መታው። አንዴ፣ ሁለቴ… በሦስተኛው አለቀሰ። እህቴ እስከ ዛሬ ‹እንደዚያ ያለ የሚያምር ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም› ትላለች። ሐኪሙ፣ ‹ሁለት ደቂቃ ብትዘገዩ ኖሮ…› አለ። 

አይዞሽ፣ ልጁ ደህና ነው። ይድሃል፣ ይጮሃል፣ ጸጉሬን ይነጫል። ያልዳነችው እህቴ ናት። አንድ እጇን ደረቱ ላይ ሳታደርግ መተኛት አትችልም። መነሳት መውረዱን ትቆጥራለች።

ባሏ መካኒክ ነው፣ የዚያኑ ዕለት አልጋውን ገለበጠው። ብሎን መኖር ያለበት ቦታ ላይ ምን አገኘ መሰለሽ? ሽቦ። ሦስቴ የተጠመዘዘ ቀጭን ሽቦ፣ በላዩ ነጭ ቀለም የተቀባ። ቀለሙን በቢላ ሲፍቀው ደግሞ፣ ሴትዮዋ ልጣ ያልጨረሰችው የወረቀቱ ጥግ ወጣ፣ ቁጥሩ ያለበት። ያንን ቁጥር ይዞ የዕቃ ደህንነት ቁጥጥር ቢሮ ሄደ። ተቆጣጣሪዋ ቁጥሩን አየችና ወንበሯ ላይ ቀጥ አለች አሉ። ፋብሪካው ራሱ ‹ጎኑ እየወለቀ ሕፃን ይይዛል፣ መልሱልኝ› ብሎ ካስነገረ ሁለት ዓመት አልፎታል። መሸጥ ክልክል ነው፤ አዲሱንም አሮጌውንም። ማስታወቂያው ለየነጋዴው በእጅ ተሰጥቷል፣ እየፈረሙ ነው የተቀበሉት። ተቆጣጣሪዋ መዝገቡን አውጥታ ስታሳየን እኔም ነበርኩ። የዚያችን ሴትዮ ፊርማ አየሁት። እንዴት ያምራል መሰለሽ! መጨረሻው ላይ አበባ የመሰለ ነገር ታደርግበታለች። አንብባ ካልፈረመች እንደዚያ ተረጋግታ አበባ አትስልም፣ አይደል?

… ጎረቤቴ ዛሬ ምነው ጸጥ አለች? ሌላ ጊዜ ሬዲዮ ትከፍት ነበር። ይሁን፣ ጸጥታ አንዳንዴ ለጤና ነው።

እና እኔና የእህቴ ባል ሄድን ሴትዮዋ ዘንድ። ጨዋነቷን ልንገርሽ፣ ወንበር አቀረበችልን። የተሰበረውን ጎን ከነሽቦው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥንላት። እያገላበጠች አየችው። የማያውቀውን ዕቃ እንደሚያይ ሰው! ከዚያ ‹ልጁ ደህና ነው አይደል?› አለች። ደህና ነው አልናት። ‹ታዲያ ተመስገን በሉ እንጂ ምን ያስቆጣችኋል?› አለችን። እውነቷን ነው፣ እኛ ምስጋና ቢሶች ነን። ቀጠለችና ደግሞ፣ ‹ለነገሩ አልጋ እኮ ሞግዚት አይደለም። እናትየው የት ነበረች?› አለች።

እህቴ በሩ ላይ ነበረች። ልጁን ታቅፋ። አልገባም ብላ ነው ውጪ የቀረችው፣ ግን ሰማቻት።  ዞር ብላ ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልብስ ስታጥብ፣ ድስት ስትጥድ፣ በመሃል ቆም ትልና ‹እውነት የት ነበርኩ?› ትለኛለች። እኔን ትጠይቀኛለች! እጇን ይዤ የወሰድኳትን።  

ግን ክፉ ሴት ናት እንዳትዪ! በሳምንቱ ልጠይቅ ብላ መጣች። ባዶ እጇን መስሎሻል? ስጦታ ይዛ! ሕፃን ውስጡ ቆሞ የሚሽከረከርበት፣ አራት ጎማ ያለው መራመጃ። አዲስ ቀለም፣ ሦስት ጥንቸል። የእህቴ ባል ተቀብሎ አመሰገናት፣ ከዚያ የቢሮውን ዝርዝር ከኪሱ አወጣ። ከአልጋው ቀጥሎ በሁለተኛው ተራ ላይ ያለው ምን ይመስልሻል? ራሱ መራመጃው። ደረጃ ላይ ይዞ ይወርዳል ተብሎ የተከለከለ። ስትሰጥ ከልቧ ነው፣ ያላትን ነው የምትሰጠው።

ተቆጣጣሪዋ ሱቋን ልታይ በመጣች ዕለት ደግሞ ሱቁን ብታዪው! ተጠርጎ፣ ተወልውሎ፣ የሰርግ ቤት መስሏል። አንድ መጥፎ ዕቃ አልተገኘም። አንድም! ‹ምንም አልተገኘም› ተብሎ ተጻፈላት። ያ ሁሉ አልጋ የት ገባ? ሰው ክፉ አሳቢ ነው፣ ደበቀችው ሊል ይችላል። ደብቃው አይደለም፣ የኔ ልጅ። ለግሳው ነው።

አዎ፣ በቀን ሥራ የሚውሉ እናቶች ልጆቻቸውን የሚያውሉበት ቤት አለ። እዚያ ሰጠቻቸው። ፎቶ ተነሥታለች። የምስክር ወረቀትም ተሰጥቷታል፣ ባለ ወርቅማ ጠርዝ፤ ሱቋ ውስጥ ሰቅላዋለች። ‹ለሕፃናት ላሳዩት ፍቅር› ይላል። ያቺ ወረቀት የማትወድ ሴት፣ አየሽ? ቀስ በቀስ ሰው ይለወጣል።

እኔ ይሄን የሰማሁት ከራሷ አፍ ነው፣ ለደንበኛ ስታወራ፣ በ… በሩቁ አገር በግድግዳ በኩል። ያን ቀን የስፌት መኪናዬን አቆምኩ፤ የሰው ሙሉ ልብስ ጠረጴዛው ላይ እንደተቆረጠ ትቼ እህቴን ጠራሁና ሄድን። አሥራ ሁለት ሕፃን የሚውሉበት ክፍል ነው። የቤቱ ኃላፊ ደስ ብሏት አልጋዎቹን አሳየችን፣ ‹እዩ እንዴት ያማሩ ናቸው!› አለችን። እህቴ ተንበርክካ ሥር ሥሩን ማየት ጀመረች። ተቆጣጣሪዋ እንዳስተማረችን፣ የለስላሳ ጣሳ በርብራቡ መሃል ታሳልፊያለሽ፤ ካለፈ የሕፃን ሰውነትም ያልፋል፣ ጭንቅላቱ ግን ይቀራል። በአራቱ አልጋ አለፈ። በሁለቱ ብሎን የለም፣ ያቺ የምታውቂያት ሽቦ ናት። አንደኛው ውስጥ ጣቷን የምትጠባ ልጅ ተኝታ ነበር። እህቴ ሳትጠይቅ ብድግ አድርጋ አቀፈቻት።  ከዚያች ረፋድ ወዲህ ሳትፈራ ልጅ ስታነሳ ያየኋት ያኔ ነው።

ኃላፊዋ መጋዝ አስመጥታ አልጋዎቹን እዚያው ግቢ ውስጥ አስቆራረጠቻቸው፤ ማንም አንስቶ መልሶ እንዳይሸጣቸው። ፍራሾቹን መሬት ላይ አነጠፉላቸው። የጻፈችው ደብዳቤ ቢሮ ደረሰና የሴትዮዋ ሱቅ ለአንድ ወር ታሸገ። አንድ ወር ብቻ! አንዳንዱ አነሰ ይላል። እኔ በቂ ነው ባይ ነኝ፤ ሰው አንድ ወር ሙሉ ቁጭ ብሎ ካሰበ ብዙ ይገባዋል። እሷም ገብቷታል። ሲከፈት አዲስ ታፔላ ሰቀለች፤ ‹ለልጅዎ ደህንነት ቅድሚያ እንሰጣለን።› አንቺም ስትመጪ እንደዚያ የሚል ታፔላ አይተሻል? ወይ አጋጣሚ! ቃሉ ጥሩ ስለሆነ ሁሉም ይጽፈዋላ።

የተጠቀሙበት ዕቃ መግዛት ነውር ነው እያልኩሽ እንዳይመስልሽ። ኧረ እንዲያውም! የእህቴን ልጅ ጋሪ አይተሽዋል? ከአንዲት ነርስ ነው የገዛነው። ሦስት ልጅ አሳድጋበታለች፤ ወረቀቱ፣ ደረሰኙ፣ የመገጣጠሚያው መመሪያ፣ ሁሉም በላስቲክ ታጥፎ። ‹የግራው ፍሬን ትንሽ ይላላል፣ አጥብቁት› ብላ እንከኑን ራሷ ነገረችን። ቀለሙ የለቀቀ ነው፣ ጥንቸል የለውም። ምስኪን፣ ንግድ አታውቅም። እሷ ዘንድ አልጋም አይቻለሁ፣ ቁጥሯን ቀሚስሽ ኪስ ውስጥ እከትልሻለሁ። ጎረቤቴም ጋ ግን ግቢ፣ እይ። ማየት ማን ይከለክልሻል? ብሎኑን ግን በዓይንሽ ሳይሆን በጣትሽ ንኪው። ወረቀቱንም ጠይቂ። ከሳቀችብሽ… አብረሽ አትሳቂ።

ጨረስኩ፣ ቁጭ በይ አሁን። ከነገ ወዲያ ይደርስልሻል።

ቆይ፣ ዋናውን ሳልነግርሽ! የዚያች ሴትዮ ልጅ ባለፈው ሳምንት ተገላገለች። ወንድ። የመጀመሪያ የልጅ ልጇ ነው። ማክሰኞ ዕለት ሹፌሩ ሱቁን ተሳስቶ አንድ ትልቅ ካርቶን እኔ በር ላይ… ማለቴ፣ እዚያ በሩቁ አገር ጎረቤቷ በር ላይ አወረደው። ሕፃን አልጋ። አዲስ! ከፋብሪካ እንደታሸገ፣ ካርቶኑ ላይ ወረቀቱ በአራቱም በኩል የተለጠፈ። ሴትዮዋ እየሮጠች ወጣች፤ ‹ቀስ በሉ! ቀስ! የልጅ ልጄ አልጋ እኮ ነው!› በአንዱ ጫፍ የሚይዝላት ሰው ጠፋና ጎረቤትየዋ ያዘችላት። ቀላል አልነበረም፣ ደህና እንጨት ነው። ያ ሁሉ አልጋ በተደረደረበት ሱቅ መሃል አሳልፈው፣ ውስጥ አስገቡት። ሴትዮዋ መነጽሯን አደረገችና ማሸጊያው እንዳልተነካ ዙሪያውን እየዞረች አየች። ፊቷ ላይ ፍርሃት ነበር አሉ፤ ትክክለኛ የእናት ፍርሃት። ጎረቤትየዋ ብዙ ልትላት አስባ ነበር። አፏ ላይ ሁሉ ደርሶ ነበር። ‹እንኳን ደስ አለሽ› ብላት ብቻ ወጣች። ምን ትበላት? ሴትዮዋ አታውቅም ነበር እንዳትባል፣ ለካ ሁሉንም ታውቃለች።

ምርቃት አይጠላም፣ አንቺም ሆድሽ ውስጥ ልጅ አለ፣ አሜን በይኝ። ጮክ ብለሽ በይ፣ ሩቅ ነው መድረስ ያለበት።

ያንን ሕፃን እግዚአብሔር ያሳድግላት። ክፉ አይንካው፣ እንቅልፉ የሰላም ይሁንለት፣ አድጎ ለወግ ለማዕረግ ይብቃላት። ዕድሜ ልኩን አያቱን ቤቷ ውስጥ፣ በአያትነቷ ብቻ ያግኛት… አንድም ቀን በሻጭነቷ አያግኛት።